ቅርንጫፍ 36፦ ፖስተኞች ማኅበራቸውን መልሰው የያዙበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1969 ጠዋት፣ በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ የኪንግስብሪጅ ፖስታ ቤት ሠራተኞች በአንድ ቀን ታመሙ። ከ72 ፖስተኞች 56ቱ፣ ከ36 የውስጥ ሠራተኞች ደግሞ 16ቱ «አሞኛል» ብለው ቀሩ። በማግስቱ እዚያው ብሮንክስ ውስጥ የትሮግስ ኔክ ፖስታ ቤት 16 ፖስተኞች ተከተሏቸው። የሕመሙን ስም አለቆቹም ሠራተኞቹም ያውቁታል። በዚያ ሰሞን የተፈቀደላቸው የደመወዝ ጭማሪ 4.1 በመቶ ነበር፤ የአገሪቱ የዋጋ ንረት ግን በዚያ ዓመት ከ5 በመቶ አልፎ ነበር።

ፖስታ ቤቱ ያለ ደመወዝ አገዳቸው። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ከራሳቸው ማኅበር የመጣው ዝምታ ነው። የታገዱት ፖስተኞች የብሔራዊ የፖስተኞች ማኅበር የኒውዮርክ ክንፍ የሆነው የቅርንጫፍ 36 አባላት ናቸው፤ መዋጯቸውን በየጊዜው ይከፍላሉ። ቀኑ ሲጨልምባቸው ግን መሪዎቻቸው ከጎናቸው ለመቆም ዳተኛ ሆኑ። ያኔ በሌሎች ፖስታ ቤቶች የሚሠሩ ባልደረቦቻቸው አንድ ቀላል ጥያቄ አንሥተው ወደ ወርኃዊው ስብሰባ መጡ፦ ቅርንጫፉ ካዝናውን ከፍቶ እነዚህ ሰዎች ያጡትን ደመወዝ ለምን አይከፍላቸውም?

ከዚህ ጥያቄ ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞች ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ የተሰጠው አድማ ተነሣ፤ ከአድማውም በኋላ ቅርንጫፉ ራሱ ባለቤት ቀየረ። ስለ አድማው ብዙ ተጽፏል፤ ወታደሩ፣ የቴሌቪዥን ንግግሩ፣ በዎል ስትሪት የተቆለለው ደብዳቤ ሁሉ ይታወሳል። ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት ያለው ግን የቅርንጫፉ ታሪክ ነው። ተራ አባላት የሰለቻቸውንና የናቁትን የወር ስብሰባ እንዴት እንደገና የራሳቸው አደረጉት?

በአገራችን ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ነው፤ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። በአሜሪካ ግን ፖስተኛው ነው በሳምንት ስድስት ቀን ወደ ሰው ደጅ የሚሄደው። በዋሽንግተንና በሚኒሶታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሥራውን ከበራቸው ላይ ያውቁታል፤ ስንት ዓመት የጠበቁት ግሪን ካርድ የተቀመጠበትን ፖስታ አምጥቶ ሣጥናቸው ውስጥ የሚከተው እሱ ነው። ፖስተኛው ቀኑን የሚጀምረው በጠባብ ጠባብ ሣጥኖች በተከፋፈለ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ነው። የመንገዱን ቤቶች በተራ በተራ እያስታወሰ ደብዳቤውን ይደረድራል፣ ያስራል፣ ከዚያ ከባዱን ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ይወጣል። በበረዶም በሐሩርም ይሄዳል። ለውሻም፣ ለተሰበረ ደረጃም፣ ቀና ብሎ ለማይመልስ ሰውም ራሱን ማዘጋጀት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ሥራ ሲጀምር በዓመት የሚከፈለው 6,176 ዶላር ነበር። ወደ ጣሪያው፣ ማለት ወደ 8,442 ዶላር ለመድረስ 21 ዓመት ማገልገል ነበረበት። በ25 ዓመቱ የገባ ሰው ሙሉ ደመወዙን የሚያየው በ46 ዓመቱ ነው ማለት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በዚህ ገቢ ቤተሰብ ማስተዳደር ስለማይቻል ብዙዎቹ ማታ ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። ሙሉ ቀን ለመንግሥት እየሠሩ መንግሥት ለድሆች የሚሰጠውን ድጎማ የሚቀበሉም ነበሩ። የሕዝብ እንደራሴዎቹ በበኩላቸው በ1969 የራሳቸውን ደመወዝ ከ30,000 ወደ 42,500 ዶላር ከፍ አድርገዋል፤ 41 በመቶ ገደማ ጭማሪ መሆኑ ነው። ፖስተኞቹ ይህን ቁጥር በቃላቸው ያውቁት ነበር።

ደመወዛቸውን የሚወስነው ኮንግረስ ነው። አድማ መምታት ወንጀል ነው፤ እስከ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራትና 1,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ሥራ ሲቀጠሩም አድማ እንደማይመቱ በፊርማቸው አረጋግጠዋል። ስለዚህ የማኅበሩ መሪዎች ሥራ ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሱ የምክር ቤት አባላትን ቢሮ ማንኳኳት ሆኖ ቀረ። አማርኛ ለዚህ የቆየ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት። ባለ ጉዳዩ ጌታው እስኪወጡ ይቆማል፣ ሲያልፉ እጅ ይነሣል፣ ካልቀናው ነገ ይመለሳል። ደጅ ጠኚ ደግሞ ጌታውን ማስቀየም አይችልም። የኪንግስብሪጅ ሰዎች ሲታገዱ መሪዎቹ ዝም ያሉበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ክፉ ስለነበሩ ብቻ አልነበረም፤ ጥበባቸው፣ ልምዳቸውና ወዳጅነታቸው ሁሉ የተገነባው በደጅ ጥናት ላይ ነውና የአባላቱ ቁጣ ይህን ሁሉ ያፈርስባቸዋል።

ማኅበሩ ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1889 ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ ባለ ክፍል፣ ከ18 ግዛቶች የመጡ 60 ያህል ፖስተኞች ተሰብስበው መሠረቱት። ከተማዋ በዚያ ሳምንት የእርስ በርስ ጦርነት ዘማቾችን መሰባሰቢያ አስተናግዳ ነበርና ለዘማቾች በተቀነሰው የባቡር ዋጋ ተሳፍረው ነው የመጡት። በ80 ዓመት ውስጥ ማኅበሩ ትልቅ ሆነ፣ ቢሮ ሠራ፣ የታወቀ ስም አገኘ። በአንዳንድ የደቡብ ከተሞች እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የጥቁርና የነጭ ፖስተኞች ቅርንጫፍ ለየብቻ ነበር። አንድ ማኅበር «የሠራተኛው ነው» መባሉ ብቻውን የሁሉም ሠራተኛ እንደማያደርገው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እድር ያለበት ሰው የቅርንጫፍ ስብሰባ ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸግረውም። ወሩ ሲደርስ የሚመጡት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂቶች ናቸው። ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ሂሳብ ይቀርባል፣ «የሚቃወም አለ?» ይባላል፣ የሚቃወም የለም። የእድሩ ዳኛ ለዓመታት ወንበሩ ላይ የሚቆዩት ሰው ሁሉ ስለሚወዳቸው ላይሆን ይችላል፤ ሌላው አባል ድንኳን መተከሉንና ወንበር መምጣቱን እንጂ ስብሰባውን ስለማይፈልግ ነው። አንድ ቀን የአንድ አባል ሐዘን ላይ ጉድለት ይታያል። በሚቀጥለው ወር ግቢው በሰው ይሞላል፣ ለዓመታት ሳይጠየቅ የኖረው ሂሳብ ይጠየቃል። በቅርንጫፍ 36 የኪንግስብሪጅ እገዳ ይህን መሰለ።

ከዚያ በኋላ ወደ ስብሰባው መመላለስ ከጀመሩት አንዱ ቪንሰንት ሶምብሮቶ ናቸው። ያኔ የ46 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ ከ1947 ጀምሮ በማንሃተን ግራንድ ሴንትራል ፖስታ ቤት ደብዳቤ ያደሉ ነበር። በማኅበሩ ውስጥ ሹመት አልነበራቸውም። ለታገዱት ይከፈል የሚለውን ክርክር ይዘው ከሚናገሩት መካከል በቶሎ ተለይተው ታወቁ። የሚናገሩት በመንገድ ላይ ለሚውል ሰው በሚገባ ቋንቋ ነበር፤ ሲናገሩም አዳራሹ ያዳምጥ ነበር።

እሳቸውና ጓደኞቻቸው ራሳቸውን ተራ አባላት ብለው ጠሩ። አካሄዳቸውን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ሌላ ማኅበር እንመሥርት አላሉም። ከማኅበሩ ወጥተው መዋጮ አናዋጣም አላሉም። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብበው ወደ አዳራሹ ገቡ፣ ሐሳብ አቀረቡ፣ ደጋፊ አስቆጠሩ፣ ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ። የስብሰባ ሥርዓት እስከዚያ ቀን የመድረኩ መሣሪያ ነበር፤ ሰብሳቢው «ከአጀንዳ ውጭ ነው» ሲል ሰው ይቀመጣል። ሥርዓቱን የተማረ ተራ አባል ሲነሣ ግን ያው መሣሪያ ወደ አዳራሹ ዞረ። ዛሬም ቢሆን በማናቸውም ማኅበር ውስጥ ለውጥ የሚፈልግ ሰው ይህችን ክፍል ደጋግሞ ቢመለከታት አይከስርም። ንዴት ብቻውን አንድ ስብሰባ ይሞላል። ለዘጠኝ ወር ተከታትሎ ለመምጣት ግን ደንብ ማወቅና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለድካሙም አበል የለውም።

በዲሴምበር 1969 የብሔራዊው ማኅበር ፕሬዚዳንት ጄምስ ራድማከር ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ጋር ተገናኙ። ፖስታ ቤቱን ወደ ድርጅትነት የሚቀይረውን የኒክሰንን ዕቅድ ሊደግፉ፣ በለውጡም 5.4 በመቶ ጭማሪ ሊያገኙ ተስማሙ። ሌሎቹ የፖስታ ቤት ማኅበራት በዚህ ተቆጡ። የኒውዮርክ ፖስተኞች ደግሞ ከሁሉም በላይ፤ አንድም አባል ሳይጠየቅ ነውና ስምምነቱ የተደረገው። በማርች 12 ቀን 1970 የተወካዮች ምክር ቤቱ የፖስታ ኮሚቴ ይህንኑ 5.4 በመቶ ሲያጸድቅ በዚያው ዕለት የተሰበሰቡት የቅርንጫፍ 36 አባላት ጮኹ፤ ለአድማ ድምፅ ይሰጥ አሉ። የቅርንጫፉ ፕሬዚዳንት ጉስ ጆንሰን ለማርች 17 ቀጠሩት።

ማርች 17 በኒውዮርክ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ነው፤ አየርላንዳውያን ከተማውን በሰልፍ የሚያጥለቀልቁበት ቀን። ፖስተኞቹ ማታ በ34ኛው ጎዳና ላይ ባለው፣ መጀመሪያ ለኦፔራ ተብሎ በተሠራው በማንሃተን ሴንተር አዳራሽ ተሰለፉ። እየገቡ ድምፃቸውን በወረቀት ሰጡ። ቆጠራው ሲያበቃ 1,555 አድማውን ደግፈው፣ 1,055 ተቃውመው ተገኙ። ልዩነቱ 500 ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ከአምስቱ ሁለቱ ፈርተዋል ወይም አልተስማሙም፤ የመፍራት ምክንያትም ነበራቸው፤ ጡረታቸው፣ ልጆቻቸው፣ እስራቱ። ሆኖም ተራ አባላቱ በሆታ ወይም በእጅ ማውጣት ሳይሆን በሚስጥር ድምፅ አሸንፈው ስለወጡ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አድማው ሲጀመር ተቃዋሚውም «አልተጠየቅሁም» የሚልበት አፍ አልነበረውም።

በዚያች ሌሊት ሶምብሮቶና ጓደኞቻቸው በሌክሲንግተን ጎዳና ወደሚገኘው ወደ ራሳቸው ፖስታ ቤት ሄዱ። ለበዓሉ ሰልፍ መንገድ ለመዝጋት ያገለገሉት የፖሊስ የእንጨት አጥሮች ገና አልተነሡም ነበር። እነዚያን አምጥተው በፖስታ ቤቱ በር ላይ ደረደሯቸው፤ የመጀመሪያው የአድማ መስመር ይህ ነበር።

የቀረው ፈጥኖ ሄደ። የውስጥ ሠራተኞቹ መስመሩን አንሻገርም አሉ። የእነሱ ማኅበር መሪ ሞ ቢለር በተሰበሰበው አባል ፊት «ድምፁ በደንቡ ይሰጥ» ለማለት ሲሞክሩ ሰዉ ተቆጥቶ መድረኩን ጥለው ለመውጣት ተገደዱ። ፍርድ ቤት አድማውን በትእዛዝ አገደ፤ አልቆመም። ራድማከር የቅርንጫፍ መሪዎችን ዋሽንግተን ጠርተው ተመለሱ አሉ፤ ከአድማው ጀርባ ጽንፈኛ ተማሪዎች አሉበት ሲሉም ከሰሱ፤ ኒውዮርክ አልሰማቸውም። አድማው ከከተማ ወደ ከተማ ሲሻገር ወደ 200,000 ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በማርች 23 ኒክሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ አወጁ፤ ከ20,000 የሚበልጡ ወታደሮች ደብዳቤ እንዲያደርሱ ታዘዙ። ወታደሮቹ መደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ግን ፖስተኛው በጭንቅላቱ ይዞት የሚዞረው የመንገድ ካርታ አልነበራቸውም። በስምንተኛው ቀን ድርድር እንደሚከፈት ተነግሮ ሠራተኛው ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድም ሰው በአድማው ምክንያት አልተባረረም።

ከድርድሩ የተገኘው 6 በመቶ ጭማሪ ወደ ኋላ እስከ ዲሴምበር 27 ቀን 1969 ድረስ ታሰበ፤ ፖስታ ቤቱ ሲዋቀር ተጨማሪ 8 በመቶ ተከተለ፤ ወደ ደመወዝ ጣሪያ የሚያደርሰው 21 ዓመት ወደ 8 ዓመት ወረደ። ፖስታ ቤቱን እንደ አዲስ ያዋቀረው ሕግ በኦገስት 12 ቀን 1970 ተፈረመ። አዲሱ የፖስታ አገልግሎት ሥራ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1971 ነው፤ የኪንግስብሪጅ ፖስተኞች «ከታመሙ» ልክ በሁለት ዓመቱ።

ከደመወዙ ይልቅ የቅርንጫፎቹን ዕጣ የወሰነው በዚያ ሕግ ውስጥ ያለ አንድ ድንጋጌ ነው፤ ጋዜጦች ያን ያህል አልጻፉለትም። እስከዚያ ድረስ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣው የማኅበራት ውስጣዊ አስተዳደር ሕግ ውጭ ነበሩ። ከ1970 በኋላ ፖስተኞቹ በዚያ ሕግ ሥር ገቡ። ሕጉ በአባሉና በመሪው መካከል ያለውን ነገር የሚመለከት ነው። የቅርንጫፍ መሪዎች ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ በሚስጥር ድምፅ መመረጥ አለባቸው። የምርጫ ማስታወቂያ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት በእያንዳንዱ አባል ቤት አድራሻ መላክ አለበት። ተወዳዳሪ የራሱን ታዛቢ በድምፅ መስጫውና በቆጠራው ላይ ማስቀመጥ ይችላል። የማኅበሩ ገንዘብ ለአንድ ተወዳዳሪ ቅስቀሳ አይወጣም። ሂሳቡ በየዓመቱ ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀርባል፣ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ምርጫው ከተጭበረበረ አባሉ በማኅበሩ ውስጥ ያለውን ይግባኝ ጨርሶ ለሚኒስቴሩ ማመልከት ይችላል፤ ሚኒስቴሩም ማኅበሩን ከስሶ ምርጫው እንዲደገም ያስደርጋል።

እነዚህ ነገሮች ሲነበቡ ደረቅ ናቸው። ግን አንድ ቅርንጫፍ የሚሞተው ወይም የሚድነው በእነዚህ ነው። ስብሰባው በየትኛው ቀንና ሰዓት ይደረጋል? ማታ ሁለተኛ ሥራ ያለው ሰው ሊመጣ በሚችልበት ነው ወይስ በማይችልበት? የምርጫው ማስታወቂያ በፖስታ ቤቱ ሰሌዳ ላይ በደቃቁ ይለጠፋል ወይስ ወደ ቤት ይመጣል? የድምፅ ሣጥኑ ሲቆጠር አጠገቡ የሚቆመው ማነው? በየፖስታ ቤቱ ያለው የሠራተኞች ተወካይ ቅሬታ ሲቀርብለት ይጽፋል ወይስ ከተቆጣጣሪው ጋር ቡና ጠጥቶ ይረሳዋል? ለውጥ ፈላጊዎች ብዙ ጊዜ ትልልቅ መፈክር ይዘው ይነሡና እነዚህን ጥያቄዎች ይንቃሉ። የያዙትን ወንበር ሲያጡ ምክንያቱ አይገባቸውም። የኒውዮርክ ሰዎች ግን አልናቁም።

ከአድማው በኋላ በተደረገው ምርጫ ሶምብሮቶ አሸንፈው በ1971 የቅርንጫፍ 36 ፕሬዚዳንት ሆኑ። ንቅናቄውም ኒውዮርክ ላይ አልቆመም፤ በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፎች ውስጥ ያሉ መሰሎቻቸው ብሔራዊ የተራ አባላት ንቅናቄ በሚል ስም ተያያዙ። ብሔራዊውን ማኅበር ለመያዝ መጀመሪያ ሞክረው አልተሳካላቸውም። በ1978 ግን ሶምብሮቶ ሥልጣን ላይ የነበሩትን ጆሴፍ ቫካን አሸንፈው የመላው አገሪቱ ፖስተኞች ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከአንድ ቅርንጫፍ ስብሰባ ወለል ተነሥቶ ወደ ማኅበሩ ቁንጮ የደረሰ ተራ ፖስተኛ፣ ያውም በአባላት ድምፅ፣ በአሜሪካ ማኅበራት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኝ አይደለም።

እስከ 2002 በሥልጣን ላይ ቆዩ። 24 ዓመት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሶምብሮቶ ማኅበሩን አጠናክረዋል፤ ከ1993 ጀምሮ በየግንቦቱ ፖስተኞች ከየቤቱ ደጃፍ ምግብ እየሰበሰቡ ለችግረኞች የሚያደርሱበት ዘመቻ በእሳቸው ጊዜ የተጀመረ ነው። በ2013 በ89 ዓመታቸው ሲያርፉ ብዙዎች ከልብ አዘኑ። ይሁን እንጂ በ1978 የተወለደ ሰው 24 ዓመት ሲሞላው ሌላ የማኅበር ፕሬዚዳንት አላየም። የለውጥ ሰው ሲቆይ ለውጡ ራሱ ቢሮ ይሆናል፤ አዳራሹ እንደገና ጭር ይላል። ሶምብሮቶን ለመውቀስ አይደለም። ይህ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊትም የነበረ፣ ከወጡም በኋላ የቀጠለ የማኅበራት ሁሉ በሽታ ነው።

በእኛ ዘመን ታሪኩ በሌላ መልክ ተመልሷል። የፖስተኞቹ የኅብረት ስምምነት በሜይ 2023 አበቃ። አዲስ ስምምነት ይፋ የሆነው በኦክቶበር 2024 ነው፤ ከ500 ቀን በላይ አባላቱ በምን ላይ ድርድር እየተደረገ እንደሆነ ሳያውቁ ጠበቁ። በእነዚያ ቀናት ፖስተኞች በሐሩር ይወድቁ፣ የጋራ ሣጥኖችን የሚከፍተውን ቁልፍ ለመንጠቅ በሚመጡ ወንበዴዎች ይዘረፉ ነበር፤ አዲስ የገቡት ደግሞ በክፍያው ማነስ ሥራውን እየጣሉ ይሄዱ ነበር። የመጣው ወረቀት በዓመት 1.3 በመቶ ጭማሪ የሚል ሆነ፤ ከኑሮ ውድነት ማካካሻው ውጭ ማለት ነው።

«የሚታገል ማኅበር እንገንባ» በሚል ስም የተሰባሰቡ ለውጥ ፈላጊዎች በየቅርንጫፉ ስምምነቱን ውድቅ አድርጉ እያሉ ተነሡ። የሚጠይቁት የጀማሪ ደመወዝ በሰዓት 30 ዶላር እንዲሆን ብቻ አልነበረም። ድርድሩ ለአባላት ክፍት ይሁን፣ በሩ ተዘግቶ የሚሠራው ይቅር፣ የአድማ መብት ይሰጠን ይላሉ። ዘዴያቸው የ1969ኙ ነው፤ ወደ ወርኃዊው ስብሰባ መሄድ፣ የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ፣ ድምፅ ማስቆጠር፣ ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ማሻገር። በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ድምፁ ሲቆጠር 63,680 ተቃውመው፣ 26,304 ደግፈው ተገኙ። ከአሥሩ ሰባቱ እምቢ አሉ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ብራያን ሬንፍሮ ያመጡትና የደገፉት ስምምነት ነበር የወደቀው።

ከዚያ ምን ሆነ? ነገሩ ወደ ግልግል ዳኛ ሄደ። ዴኒስ ኖላን በማርች 21 ቀን 2025 በሰጡት ውሳኔ ጭማሪው 1.3፣ ከዚያ 1.4፣ ከዚያ 1.5 በመቶ ሆነ። ዝቅተኞቹ የደመወዝ እርከኖች ተነሥተው ለጀማሪዎች ትንሽ ተሻሽሏል፤ የዋናው ጭማሪ ልዩነት ግን ከመቶ አንድ ሳንቲም አይሞላም። 63,680 ሰው የሰጠው ድምፅ የለወጠው ይህን ያህል ነው።

ይህ ውጤት ከ1970 አድማ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ያኔ ፖስተኞቹ የመደራደር መብት ሲያገኙ የአድማ ክልከላው አልተነሣላቸውም። ድርድር ሲሰናከል የግልግል ዳኛ ይወስናል የሚለው መንገድ በምትኩ ተሰጣቸው። ለ50 ዓመት ይህ መንገድ ብዙ ጠቅሟቸዋል፤ ከደጅ ጥናት አውጥቷቸዋል። ነገር ግን አባሉ ስምምነቱን ውድቅ ሲያደርግ ውሳኔው ወደ እሱ አይመለስም፤ በአዳራሹ ውስጥ ላልነበረ፣ ባልተመረጠ አንድ ሰው እጅ ይገባል። ቅርንጫፍን ማደስ፣ ብሔራዊውን ማኅበር እንኳን ማደስ፣ ይህን ግድግዳ አያፈርስም። የዛሬዎቹ ለውጥ ፈላጊዎች የአድማ መብት የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው፤ ይህ ደግሞ ኮንግረስ ካልለወጠው በስተቀር በስብሰባ ድምፅ የሚገኝ አይደለም።

ታዲያ የቅርንጫፉ ትግል ከንቱ ነው የሚል አለ። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። በ1969 የኪንግስብሪጅ ፖስተኞችን ጉዳይ ይዘው የተነሡት ሰዎች ሕጉ ይቀየራል ብለው አላሰቡም፤ የታገዱ ጓደኞቻቸው ደመወዝ ነበር ያሳሰባቸው። ሕጉ የተቀየረው አዳራሹ አስቀድሞ ስለተቀየረ ነው። አባል ያልመጣበት፣ ሂሳቡ ያልተጠየቀበት፣ ተወካዩ ቅሬታ የማይጽፍበት ቅርንጫፍ በ1970 ማርች ውስጥ 1,555 ድምፅ አይሰበስብም ነበር። የሥራ ባልደረባው ሲታገድ ዝም ያለ ማኅበር ለ200,000 ሰው አድማ አይጠራም።

የግልግል ዳኛው የወሰኑት ስምምነት የሚያበቃው ኖቬምበር 7 ቀን 2026 ነው። የብሔራዊው ማኅበር መሪዎች ምርጫም በዚያው ዓመት ላይ ይውላል። እስከዚያ በየከተማው ያሉ ቅርንጫፎች በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ሂሳብ ይቀርባል፣ አንዳንዱ ላይ አሁንም የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው፣ አንዳንዱ ላይ ወንበር መሙላት ጀምሯል። የምርጫው ወረቀት ለእያንዳንዱ አባል በፖስታ ይላካል። ወደ ቤቱ አምጥቶ ሣጥኑ ውስጥ የሚከትለትም የሥራ ባልደረባው ነው።